የክትትል ክፍሉ የማይጠይቀው ጥያቄ

ይድረስ፦ ለጎንደር ከተማ የጤና ሥራ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመምተኞችን ለምትከታተሉ ሐኪሞችና ነርሶች

ጉዳዩ፦ የአካል ሕመምና የሚመላለስ ድባቴ ወይም ጭንቀት በአንድ ካርድ ላይ አብረው እንዲታዩ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እዚሁ ጎንደር በአንድ የግል መድኃኒት ቤት የምሠራ የፋርማሲ ባለሙያ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሕመም መርምሬ ስም የማውጣት ሥልጣንም ፍላጎትም የለኝም። ሆኖም ሕመምተኛው ለሐኪሙ ያልተናገረውን ብዙ ጊዜ ለእኔ ይነግረኛል። እኔ ዘንድ ካርድ ማውጣት የለም፣ ከኋላ ቆሞ የሚያጉረመርም ወረፋም የለም። ማን መድኃኒቱን በጊዜው እንደሚወስድ፣ ማን በመካከሉ እንደሚጠፋ፣ ማን በየዓመቱ በዚያው ወቅት ያንኑ ስሞታ ይዞ እንደሚመለስ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ማየት ይቻላል። የጻፍኩላችሁም ያየሁትን ነው።

በከተማችን አካል በአንድ በር፣ አእምሮ በሌላ በር ይታከማል። በአንዱ በር የገባውን ሰው በሌላው በኩል ምን እንዳለበት የሚጠይቀው የለም። ሕመሙ መጥቶ የሚሄድበት፣ ሄዶም የሚመለስበት ሰው ደግሞ በሁለቱ በሮች መካከል ይቀራል።

ለብዙ ዓመታት የማውቃቸው አንድ አባት አሉ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ የሚኖሩበትን ሠፈርና የሚከታተሉበትን ተቋም ግን ትቼዋለሁ። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ክረምት ሲገባ ስኳራቸው ከፍ ይላል። ከፍ ባለ ቁጥር የኢንሱሊኑ መጠን ይጨመርላቸዋል። ካርዳቸው ላይ የሚነበበው ይኸው ነው፤ ስኳሩ ይህን ያህል፣ ይህን ያህል ይጨመር፣ በሚቀጥለው ወር ስኳሩ ይህን ያህል፣ እንደገና ይጨመር። አንድ ቀን አዲስ ብልቃጥ ሊወስዱ ሲመጡ የድሮውን አብረው ይዘውት ነበር። አልተጋመሰም።

«አባቴ፣ በየቀኑ እየወጉ ነው?» አልኳቸው።

ወደ መንገዱ ዞረው ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ ለማን ብዬ ልወጋው?»

ባለቤታቸው ያረፉት በነሐሴ ነው። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል፤ እህል አይጥማቸውም፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ይነቁና እንደፈጠጡ ይነጋባቸዋል። መስከረም ከጠባ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃቸዋል። ሲለቃቸው ወደ ቀልባቸው ይመለሱና የታዘዘላቸውን ሳያጓድሉ ይወጋሉ። የታዘዘው ግን ሲያጓድሉ በከረሙበት ጊዜ ላይ ላዩ የተጨመረ መጠን ነው! በአንደኛው ዓመት የመስቀል ሰሞን በላብ ተጠምቀው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ደጃቸው ላይ ተቀመጡ፤ ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ገና ሳይስቱ ጎረቤት ስኳር በጥብጣ ባታጠጣቸው ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ የሚነግረኝ አላገኝም ነበር።

ሕክምናውን ያዘዘው ባለሙያ የሠራው የተማረውን ነው። ስኳር ከፍ ሲል መጠን መጨመር ትክክል ነው። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «መንፈስዎ እንዴት ነው?» ይህ ጥያቄ ቢነሣ ኖሮ የመጀመሪያው ጭማሪ ራሱ ባላስፈለገ።

የእኚህ አባት ነገር ለብቻው የቆመ አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚደርስ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው። ድባቴ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ይዘነጋል፣ ከቤት አይወጣም፣ ምግቡን አይመርጥም፣ እንቅልፉ ይዛባል፤ እነዚህ ሁሉ ስኳሩንና ግፊቱን ያባብሳሉ። የልብ ሕመም ያለበት ሰው ድባቴ ሲጨመርበት ለሞት የሚያሰጋው አደጋ ይበልጣል። ከዚያም ሌላ ሰውነት ራሱ በቀጥታ የሚሠራው ሥራ አለ። ደምቢያ ወርዶ በወባ የተያዘ ሰው አስቡ፤ ምግብ ያስጠላዋል፣ ሰው ማነጋገር ያስጠላዋል፣ ከጥግ ገብቶ መተኛት ይፈልጋል። ሰውነት ከተሐዋስ ጋር ሲዋጋ የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች አንጎል ድረስ ዘልቀው የሚፈጥሩት ስሜት ነው። ወባው በቀናት ይድናል፤ ስሜቱም አብሮት ይሄዳል። ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ያለበት ሰው ግን ከዚያ ስሜት ጋር አብሮ ይኖራል፤ ቤተሰቡም «ሰነፈ» ይለዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው በር ልዙር፤ እዚያም ያለው ጉድለት አያንስም።

«ልቤ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ልሞት ነው ብዬ አስባለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ነገሩ ድንገተኛ የጭንቀት ማዕበል ሊሆን ይችላል። አንገቱ ላይ እንቅርቱ ጎልቶ የማይታይ ሰው ሆኖ ሳለ የታይሮይድ ዕጢው ከመጠን በላይ እየሠራም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያከሳል፣ እንቅልፍ ይነሣል። የታይሮይድ ዕጢው ሲደክም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰውየው ይከብደዋል፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ሐሳቡ ይዘገያል፣ ያዝናል። ይህን ድባቴ ብሎ ማከም ዕጢውን ሳይነኩ ዓመት መፍጀት ነው። ከባድ ደም ማነስም ልብ ያስመታል፣ ያደክማል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርደውን እንክብል ግሊቤንክላማይድን እየወሰደ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ምእመን ሰባት ሰዓት ላይ ድንገት ላብ ቢያጠምቀው፣ ቢንቀጠቀጥና ቢፈራ፣ ያ ፍርሃት ከጣቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዶ ስኳሩን በመለካት የሚለይ ነገር ነው። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን ይህን ሰው «ጭንቀት ነው» ተብሎ የሚያረጋጋውን መድኃኒት ዳያዜፓምን ሲፈልግ ነው። (ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ታቃልልለታለች። የንስሐ አባቶች ይህን ጠንከር አድርገው ቢነግሩልን ከእኔ ምክር ይልቅ የእነሱ ይሰማል።)

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ከሥራዬም ጋር ስለሚገናኝ ትንሽ ልቆይበት። ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ሰውነት ቫይታሚን ቢ12 የመውሰድ አቅሙን ይቀንሳል። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከመሳሰሉት ነው። እኛ ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ያህል የምንጾም ሕዝብ ነን። እንግዲህ ስኳር ያለባት፣ ጨጓራዋን የምታስታምም፣ አጽዋማትን ሁሉ የምትጾም እናት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ተሸክማለች ማለት ነው። የቢ12 እጥረት እግር ያደነዝዛል፣ ያቃጥላል፤ ማስታወስ ያስቸግራል፤ ስሜትንም ያወርዳል። የእግሯ መደንዘዝ «ከስኳሩ ነው» ይባላል፣ ማዘኗ «ከዕድሜ ነው» ይባላል፣ መርሳቷ «እርጅና ነው» ይባላል። ሦስት ሰበብ ከመደርደር በፊት አንድ የደም ምርመራ ማድረግ ይሻላል፤ ምርመራው በማይገኝበት ደግሞ ቢያንስ ይህን ማሰብ።

መድኃኒትም ራሱ ስሜትን ያናጋል። በአገራችን ለዓመታት በኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ከመጀመሪያዎቹ ተርታ የነበረው ኤፋቪሬንዝ ቅዠት፣ መረበሽና ድባቴ ያመጣባቸው ሰዎች ነበሩ፤ በዶሉቴግራቪር መተካቱ ለብዙዎች እፎይታ ሆኗል። ለአስምና ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ይነሣል፣ ስሜትን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ስኳርንም ያወጣል። የዚሁ ወገን የሆነውን ዴክሳሜታዞን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለመወፈር ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። አልሸጥም፤ ሌላ ቦታ እንደሚያገኙት ግን አውቃለሁ። ለአስም የሚሰጠው የሳልቡታሞል እንክብል ልብ ያስመታል። ለልብ ምቱ ደግሞ ምት የሚያቀዘቅዘው ፕሮፕራኖሎል ይፈለጋል፤ አስም ላለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል አደገኛ ነው። ቡናስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጠጣ ሰው ልቡ ቢመታ አይገርምም። ቡና አትጠጡ ማለቴ አይደለም፤ ጎንደር ውስጥ ይህን ብሎ ደንበኛ የሚተርፈው ባለመድኃኒት ቤት የለም። ነገር ግን ልቡ የሚመታበትን ሰው ቡናውን፣ ጫቱንና አረቄውን ሳይጠይቁ ማሰናበት ተገቢ አይደለም።

«ምንም የለብሽም» ስለሚባለው ነገርም ልናገር። የልብ ምርመራው ደኅና ነው፣ ራጁ ደኅና ነው፣ ላብራቶሪው ደኅና ነው፤ «ምንም የለብሽም፣ አታስቢ» ተብላ ትወጣለች። እኔ ጋ ስትደርስ ታለቅሳለች። ያለባትን እኮ ታውቀዋለች! ሰዉ በእኛ ዘንድ «አዝኛለሁ፣ ተስፋ ቆርጫለሁ» ብሎ ወደ ሕክምና አይመጣም፤ ይህን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይይዘዋል። የሚያወጣው «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ጨጓራዬ ነደደ፣ ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል» ብሎ ነው። ስለዚህ ኦሜፕራዞል ይሰጠዋል፣ የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ይሰጠዋል፣ ቪታሚን ይሰጠዋል። ዳይክሎፌናኩ ጨጓራውን ያባብሳል፤ ለባሰው ጨጓራ ኦሜፕራዞሉ ይቀጥላል። በዚህ የሚጠቀመው መድኃኒት ቤቱ ነው፤ እኔ ራሴ ስለምሸጠው ማለት እችላለሁ። «ምርመራሽ ደኅና ነው፤ የሚሰማሽ ግን እውነተኛ ነው፤ ከየት እንደመጣ አብረን እንፈልግ» ማለት ጊዜ አይፈጅም። «ስፖርት ሥሪ» ማለትም ብቻውን አይበቃም። በእግር መሄድ ለስኳርም፣ ለግፊትም፣ ለድባቴም እንደሚረዳ የታወቀ ነው፤ ከአልጋዋ መነሣት ላቃታት ሴት ግን ምክሩ ወቀሳ ሆኖ ይሰማታል። ከደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ አብሯት ከሚሄድ ሰው ጋር፣ ብሎ መጀመር ይቻላል።

የሚመላለስ የምለው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ድባቴ ከያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሌላ ጊዜ ይመለስባቸዋል፤ በተደጋገመ ቁጥርም የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ይህን ለሕመምተኛው የሚነግረው የለም፤ ስለዚህ ሲመለስበት ወይ በመድኃኒቱ ይፈርዳል፣ ወይ በእምነቱ፣ ወይ በራሱ። ለድባቴ የሚሰጠው ፍሉክሶቲን ሲጀመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያቅለሸልሽና ሊያቁነጠንጥ ይችላል፤ ጥቅሙ የሚታየው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ጉዳቱ ቀድሞ ጥቅሙ የሚዘገይ መድኃኒት ሳይነገረው የተሰጠው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ቢተወው ማን ይፈርድበታል? የታገሡት ደግሞ በሦስተኛው ወር ደኅና ሲሆኑ ይተውታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአጠቃላይ ሕክምና ባለሙያዎች ያዘጋጀው መመሪያ ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወራት መቀጠል እንዳለበት ይናገራል። ማዘዣ ወረቀት ላይ ይህን ተጽፎ ያየሁት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። መንገድ ሲዘጋና መድኃኒቱ ከከተማ ሲጠፋ ደግሞ የታገሠውም በግድ ያቋርጣል።

ወደ ጠበል የሚሄዱትንም አልረሳም። ይሂዱ፤ ብዙዎች እዚያ የሚያገኙት መጽናናት እኛ የማንሰጠው ነው። ነገር ግን መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ምእመናን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ኢንሱሊን ትቶ ጠበል ገብቶ በቃሬዛ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር ያን ምክር የክትትል ክፍሉ ቢያስታውሰው መልካም ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይደለም።

በክትትል ክፍል ግፊት የምትለካው ነርስ ድባቴን ለመለየት የሚያገለግሉትን፣ ፒ.ኤች.ኪው. 9 የሚባሉትን ዘጠኝ ጥያቄዎች ትጠይቅ። በአማርኛ ተዘጋጅተው በአገራችን ተፈትሸዋል፤ የሚፈጁት ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በየቀጠሮውም ሳይሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን፣ ከሁለቱም አንዱ ክረምት ላይ ቢውል፣ ብዙ ሰው ይገኛል። ወረቀቱን ሰጥታ «ሙሉልኝ» ብትል ግን አይሠራም፤ ጨጓራና ራስ ምታት ብቻ ነው የሚመጣላት። ቁጭ ብላ ትጠይቅ። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለማጥፋት ሐሳብ ነው፤ ብዙ ባለሙያ የሚፈራውም እሱን ነው። መጠየቁ ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። «አዎ» ያለ ሰው ግን ሌላ ቀጠሮ ተጽፎለት ብቻውን አይሸኝ፤ በዚያው ቀን፣ ከቤተሰቡ ጋር፣ ወደ አእምሮ ሕክምና ይላክ።

በአእምሮ ሕክምናው በር ደግሞ ክብደት ይመዘን፣ ግፊት ይለካ፣ ስኳር ይታይ፣ የደም መጠንና የታይሮይድ ምርመራ በሚቻልበት ሁሉ ይታዘዝ። ለከባድ የአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ክብደትና ስኳር እንደሚጨምሩ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የሚሄደው ካርድ አንድ ይሁን። የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መቼ እንደሚወስድ ማዘዣው ላይ ይጻፍ፤ እኛም በፓኬቱ ላይ እንጽፈዋለን።

ሰው የለም፣ ጊዜ የለም እንደምትሉ አውቃለሁ። አንዲት ነርስ በአንድ ጠዋት ስንት ሰው እንደምታይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ቀላል ነው አልልም። ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። በዋሽንግተን ግዛት በ14 ክሊኒኮች ድባቴ ያለባቸውንና ከዚያ ጋር ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለባቸውን 214 ሰዎች ወሰዱ። ግማሾቹን ነርሶች ከሐኪሞች ጋር እየተመካከሩ ድባቴውን፣ ስኳሩን፣ ግፊቱንና ኮሌስትሮሉን በአንድ ላይ ተከታተሉላቸው። ከዓመት በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ሁሉም ተሻሽሎ ተገኘ። ሥራውን የያዙት በሐኪም የሚታገዙ ነርሶች ነበሩ፤ እኛም የሚበዙልን ነርሶች ናቸው።

ደግሞም ይህ ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚህ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደየጤና ጣቢያው ላከ። አንድን በሽተኛ ሦስት ሙያ አብሮ እንዲያየው ያስተማረች ከተማ ናት። ዛሬም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች በከተማችን ይሠለጥናሉ። ከእነሱ መካከል አንዱ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ ከክትትል ክፍሉ ነርሶች ጋር ቢቀመጥ፣ ያስቸገሯቸውን ካርዶች አብሯቸው ቢያይ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

በበኩሌ በመድኃኒት ቤቶች በኩል ማድረግ የምንችለውን ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ተነጋግሬያለሁ። ፍሉክሶቲን፣ ሌላውን የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊንን፣ ኢንሱሊን ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀጠሮው ካልመጣ፣ አስቀድሞ ፈቃዱን ሰጥቶን ከሆነ፣ እንደውላለን። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ማን እንምራው? በየጤና ጣቢያው አንድ ባለሙያ በስም ይመደብልንና ስልኩ ይሰጠን። ይህን ለመነጋገር በማንኛውም የሥራ ቀን በጠራችሁኝ ቦታ እገኛለሁ፤ ሥራው በሠፈራችን ከክረምቱ በፊት እንዲጀመር ቢደረግ ደግሞ የዘጠኙን ጥያቄዎች ወረቀት ማባዛት የእኛ ድርሻ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር

አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ
ጎንደር